ለሐኪሟ የተጠኑ ግሶች

ጥቅምት 4

በአፏ ለማትናገረው፣ በእጇ ግን ለምትናገረው ለዝምቴ፤

ይህ ወረቀት ወገብሽ ቀና፣ ቤትሽ ሙቅ፣ ልብሽም ሰፊ ሆኖ ያግኝሽ። እኔ ጤና ነኝ። «ጤና ነኝ» የምልሽ ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልሽ። እውነትም ጤና ነኝ፤ ችግሬም ይኸው ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ሳሎን መሃል ጮክ ብሎ ስለሚያወራና ልጄ ስለሚሰማ ነው። አንቺም ብትሆኚ በስልክ ከ«አቤት» እና ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣሽም። በወረቀት ግን አፍ አላት ይሉሻል። አያትሽና እናቴ የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ዝምድናችን በጣት ቢቆጠር ከትንሿ ጣት ያልፋል። ቢሆንም ከቅርቦቹ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የምትሆኚው አንቺ ነሽ።

ልጄ ሊፍት ጠጋኝ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲፈትሽ ይውልና ቤት ሲገባ እኔን ይፈትሻል። «እማዬ፣ ተነሥተሽ ነበር እንዴ? እማዬ፣ ይህን ድስት ማን አወረደው?» አባቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም በድንገት ከሄደ ወዲህ ሰው ሁሉ ለእሱ ገመዱ ያረጀ ሊፍት ነው። ትልቅ ወንበር ገዛልኝ። እግር ማንሻ አለው፤ ጀርባው ወደ ኋላ ይተኛል። እዚያ ላይ አስቀመጠኝና እንደ ዕቃ ቀረሁ። ጨው ተከለከልኩ፣ ስኳር ተከለከልኩ፣ ደረጃ ተከለከልኩ። ምራቴ ጨው ያልነካው ድንች ስታቀርብልኝ በዓይኗ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በዓይኔ ይቅር እላታለሁ።

እዚህ በሰው አገር ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ አንዲት ሴትዮ ልብስ የምታስተካክልበት ሱቅ አላት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የአሮጌ ካፖርት ገበር ታድሳለች። አንድ ቀን ፖስታ ልጥል በሊፍት ወርጄ በመስኮቷ ሳይ የካፖርት ቁልፍ ማስገቢያ በእጇ ለመስፋት ትታገላለች። ክሩን ከልክ በላይ ታጠብቀዋለች፤ ጨርቁ እንደ ተቆጣ አፍ ተጨማደደ። አላስቻለኝም። ገባሁና መርፌውን ከእጇ ወሰድኩ። ሰፍቼ ሳበቃ ሥራውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወንበር ሳበችልኝ። ቋንቋ አልነበረንም፤ ሁለት ልብስ ሰፊዎች በመርፌ ከተግባቡ ደግሞ ቋንቋ ምን ያደርግላቸዋል? ጠዋት ጠዋት ነይና ሥሪልኝ ማለቷን ከእጇ ተረዳሁ። ዝምቴ፣ ያን ቀን ደስታዬን ይዤ ሊፍት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ለልጄ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ሐኪሟ ሥራ ከልክላሻለች» አለኝ።

«መቼ ነው የከለከለችኝ?»

«ባለፈው ቀጠሮ። አንቺ ስላልገባሽ ነው።»

ሐኪሟን አውቃታለሁ። ፀጉሯን በእስክሪብቶ የጠቀለለች፣ ፊቷ የደከመ ልጅ ናት። እሷ ሁለት ቃል ስትናገር ልጄ ሲተረጉመው ስብከት ይሆናል። እኔ ረጅም ሳወራ ደግሞ እሱ «ፋይን» ይላትና ያበቃል። በመካከል ምን እየፈሰሰ እንደሚቀር እንጃ።

ባለሱቋ ብርዱ እስኪወጣ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። ልጄን ጥሼ ብወርድ ይከፋዋል፤ ሆደ ቡቡ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሐኪሟ በገዛ አፏ «ሥሪ» ብትለኝ ግን እሱም ያርፋል፣ እኔም እሠራለሁ። ስለዚህ ራሴ ልጠይቃት ቆርጫለሁ። ቀጠሮዬ መጋቢት ላይ ነው።

መድኃኒት ቤት ስትሠሪ ከካርቶኑ እንግሊዝኛ ለቅማለች ይሉሻል። እባክሽ ግስ ላኪልኝ። ስም አልፈልግም። ጉልበት፣ ራስ፣ ጨው ሁሉም በጣት ይታያል። መተኛት፣ መጨነቅ፣ መቀነስ ግን በጣት አይታይም።

የላክሽውን ያህል ገንዘብ እልክልሻለሁ። የተባረክሽ ሁኚ።

አክስትሽ


ኅዳር 2

ለተከበሩ እትዬ፤

ከጤናዎ ጋር ደስታዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኝ መደርደሪያዎቹ መካከል ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሊፍት ውስጥ ጨፈርኩ ያሉት ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ባለመድኃኒት ቤቱ ጋሼ ከወዲያ ሆነው «ማነው የሳቀው?» አሉ። እኔ እሆናለሁ ብለው አልጠረጠሩም።

እትዬ፣ መጀመሪያ እውነቱን ልንገርዎ። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። የማውቀው የሕመም እንግሊዝኛ ነው። መንገድ ጠይቂ ቢሉኝ እዚያው ጠፍቼ እቀራለሁ። «ማዞር ከተሰማሽ መኪና አትንጂ» በይ ቢሉኝ ግን አልደናቀፍም፤ መኪናው ነው የሌለኝ። ሥራዬ ካርቶን መክፈት፣ መደርደር፣ ወለል መጥረግና ባዶውን ካርቶን መበጣጠስ ነው። በየካርቶኑ ውስጥ እንደ መሐረብ የታጠፈች ወረቀት አለች። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲወገድ ወረቀቷን አስቀርቼ ቤት እወስዳለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከሚጣል ወረቀት መካከል መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ሽፋኑም መጨረሻውም ተገንጥሏል፤ ከ«ኤስ» ፊደል በኋላ ያሉትን ቃላት የምኖረው በግምት ነው።

ድምፁን ከየት አመጣሽው ብለው እንዳይጠይቁኝ። እንደ ጻፍኩት ይበሉት፤ ከተሳቀብዎት ጥፋቱ የእኔ ነው።

በምግብና በእንቅልፍ እንጀምር። ኢት መብላት ነው፣ ስሊፕ መተኛት። ስኪፕ መዝለል ነው፤ ምሳ ሳይበሉ መዋል ማለት ይሆናል። ከት ዳውን የሚለውን መዝገበ ቃላቱ ቃል በቃል ወደ ታች መቁረጥ ያደርገዋል፤ ሐኪሟ ብትልዎ ልትቆርጠኝ ነው ብለው እንዳይደነግጡ። ጨው ይቀንሱ ማለት ነው። ጊቭ አፕ ግን ጭራሽ ይተዉት ማለት ነው። ስለ ጨው ስታወራ የትኛውን እንደምትል ጆሮዎን ይጣሉባት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ሰው ፊት ቀርቦ ደህንነቱን ሳይጠይቁ የራስን መዘርገፍ ያው ነውር ነው። አገሩ ቢለይም ሰው ሰው ነው ብዬ ግሶቹን ሁሉ በጥያቄ አሰናድቻቸዋለሁ። «ዱ ዩ ስሊፕ?» ይተኛሉ ወይ? «ዱ ዩ ኢት ዌል?» ደህና ይበላሉ ወይ? መጀመሪያ እሷን ይጠይቋት፤ የእርስዎን ከዚያ ያስከትሉ።

ገንዘብ የሚሉትን ይተዉት። የሚልኩልኝ ከሆነ የሚጥሉትን ይላኩልኝ፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የምግብ ማሸጊያ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ። ግስ የምለቅመው ከዚያ ነው።

የልብዎን ያድርስልዎ።

ዝምቴ


ኅዳር 27

ለመምህሬ ለዝምቴ፤

ዕውቀትሽ ይባረክ፣ የምትበጣጥሺውም ካርቶን ወርቅ ይሁንልሽ። እኔ ተማሪ ሆኛለሁ። ወንበሩ አሁን ወንበር መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤት ሆኗል።

ግሶችሽን መጀመሪያ የሞከርኩት ላይኛው ፎቅ ላይ በሚኖሩት ባለውሻ ሽማግሌ ላይ ነው። ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። እኔ ሁልጊዜ ግድግዳውን ነበር የማየው፤ ያን ቀን ግን ፊታቸውን አየሁና «ዱ ዩ ስሊፕ?» አልኳቸው። ሰውየው ክው አሉ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። የኔ ፎቅ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፤ እሳቸው ያወራሉ። እስከ ጣሪያ ወጥተን ተመለስን። ካወሩት ውስጥ «ኖ» የምትለውን ብቻ ለየኋት፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ተመላለሰች። እኔ «ኦ» እላለሁ፣ ውሻው ጫማዬን ያሸታል። አሁን ፖስታ ልጥል በምወርድበት ሰዓት ሊፍቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ምራቴ አይታ «እማማ፣ አድናቂ አገኙ እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። «እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ አድናቂ አይደለም» አልኳት። «እሱማ ምልክቱ ነው!» አትለኝም? ይህች ልጅ ፊቷ ብቻ ነው ጨዋ።

ለባለሱቋ «ዱ ዩ ስኪፕ ላንች?» አልኳት፤ ትስቅና ከመሳቢያዋ ዳቦ አውጥታ ታካፍለኛለች። ጨው ያለው ዳቦ። አልተናዘዝኩም፤ ዝም ብዬ እየነገርኩሽ ነው።

የተሳሳትኩት በልጄ ላይ ነው። ራት ላይ ረሳሁና «ዱ ዩ ኢት ዌል?» አልኩት። ሹካው አየር ላይ ቀረ። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለኝ። «ካንተ ጋር ነዋ፣ ከማን ጋር ይሆናል?» ስለው ጭራሽ ባሰበት። ለካ ብቻዬን ሳጠና ሰምቶኝ ኖሯል። እናቴ ብቻዋን ማውራት ጀመረች ብሎ ሆስፒታል ደወለና ቀጠሮዬን ወደ ጥር አጋማሽ አመጣው። ይኸውልሽ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ፈተናው ደረሰ።

እውነቱን ልንገረው ብዬ አስቤ ነበር። ግን ከነገርኩት አስቀድሞ ሐኪሟን ያገኛታል፤ ያኔ እሷም የምትለው የእሱን ቃል ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብያለሁ። የጭንቀቱን ግሶች ቶሎ ላኪልኝ፤ ዋናውንም ጥያቄ ጽፈሽ አስጠኚኝ። ጥር ላይ በሩ ከተዘጋብኝ ያ ወንበር ከእንግዲህ አይለቀኝም።

ካርቶኖቹን ልኬልሻለሁ። አንደኛው ቆንጆ ነው፤ ባለውሻው ሽማግሌ የሰጡኝ ነው።

አንቺስ? ትተኛለሽ? ትበያለሽ? አስተማሪ ሆነሽ አመለጥሽ እንጂ አልነገርሽኝም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 18

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ከችኮላ ነው እንጂ ከፍቅር ማነስ አይደለም። ፖስታው ዛሬ ካልወጣ አይደርስልዎትም ብለውኛል፤ ጋሼ ደግሞ በሥራ ሰዓት እንድጽፍ ፈቅደውልኝ መደርደሪያውን ራሳቸው እየደረደሩ ነው። ሁሉንም በተሳሳተ ቦታ።

በመጀመሪያ ስለዚያ ቆንጆ ካርቶን። እትዬ፣ እሱ የድመት ምግብ ነው። «ፀጉሯ እንዲያብረቀርቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ነው የነቃሁት። እርስዎ ቀምሰውት እንዳይሆን ብቻ! ደግሞም ሽማግሌው ያላቸው ውሻ ነው ብለውኝ ነበር፤ ድመቷን የት ደብቀዋት ነው?

የጭንቀት ግሶች እነሆ። የጤና መጽሔት ገጾች የዕቃ መጠቅለያ ሆነው መጥተው አግኝቼ ነው የለቀምኳቸው። ዎሪ መጨነቅ ነው። ፊል መሰማት። ሪላክስ ዘና ማለት፤ ይህን እንኳ አማርኛው ውስጥ ገብቶ ያውቁታል። ካልም ዳውን ረጋ ማለት ነው፤ ለተቆጣ ሰው እንዳይሉት ግን፤ ይብስበታል ይላል መጽሔቱ። አስቸጋሪው ኮፕ ነው። ሸክሙ ሳይወርድልዎ፣ እርስዎም ከሸክሙ በታች ሳይወድቁ፣ ቀኑን ማለፍ። ለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ጋሼን ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «እናትሽ ስታደርገው የኖረችው ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው። ጥያቄዎን በሁለት መንገድ ጽፌው ነበር። አንደኛው «ከልክለሽኛል ወይ?» የሚል ነው። እሱን ቀደድኩት። እንደዚያ ከጠየቋት ሐኪሟ «አልከለከልኩም» ትላለች፤ ልጅዎ ደግሞ እዚያው አጠገብዎ ተቀምጧል። ሥራውን ሲያገኙ ልጅዎን ማሳፈር የለብዎትም። ስለዚህ ሁለተኛውን ያጥኑ፤ «ሜይ አይ ወርክ?» ልሠራ ይፈቀድልኛል ወይ? በዚህች አንድም ሰው አይነካም።

ሰላምታውን አይርሱ። ከሰላምታው በኋላ ቶሎ ወደ ጥያቄው ይለፉ።

እኔ እተኛለሁ፣ እበላለሁም። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ መልሱን ለማግኘት ትንሽ ማሰብ አስፈልጎኝ ነበር።

ወደ ውስጥ ሲገቡ እግርዎን ያጽናልዎ።

ዝምቴ


የካቲት 6

ለተከበሩ እትዬ፤

ያሉበት ቦታ ሁሉ ሰላም ይሁን። ከእርስዎ ምንም ሳይደርሰኝ ጥር አለቀ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ እኔም ሳልገባ እመለሳለሁ።

ነገሩ ተበላሽቶ ይሆን? ልጅዎ ተቆጣ? ወይስ ግሶቼ ስህተት ሆነው እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሳቀብዎት? እኔ እኮ እነዚህን ቃላት ሰው ሲናገራቸው ሰምቼ አላውቅም። ባላየሁት ድልድይ ላይ እለፉ ያልኩዎት መሰለኝ። ይህን ሳስብ ወረቀቶቹን ሁሉ አንሥቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስህተቴን ጆሮዬ ያገኘው ይሆናል ብዬ። መድኃኒት እየደረደርኩ «ዱ ዩ ዎሪ?» ስል ከወዲያ በኩል ጋሼ «የስ» ብለው መለሱልኝ። ስለ ልጃቸው ፈተና ነገሩኝ። አሁን በየጠዋቱ እንጠያየቃለን። ደንበኞቹ አብደዋል ይሉናል መሰለኝ፤ ግን መድኃኒት ቤቱ ሞቅ ብሏል።

በሩ ተዘግቶብዎት ከሆነም ይጻፉልኝ። ሌላ በር እንፈልጋለን፤ ግስ እንደሆነ አላለቀብኝም። ዝም ብቻ አይበሉኝ። የዝምታውን ሥራ ለእኔ ይተዉልኝ።

ዝምቴ


የካቲት 29

ለልጄ፣ ለመምህሬ፣ በከንቱ ላስጨነቅኳት ለዝምቴ፤

እጅሽ አይድረቅ፣ ጉሮሮሽ አይዘጋ፣ በር ላይ ቆመሽ የተመለስሽበት መንገድ ሁሉ በበረከት ይመለስልሽ። ይቅር በይኝ። ያልጻፍኩት ከፍቶኝ አይደለም። ለምን እንዳልጻፍኩ ስነግርሽ አንቺው ትስቂያለሽ፤ ግን በቅደም ተከተል ልሂድ።

ገባን። ክፍሉን ታውቂዋለሽ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላየሽውም ለካ። ሚዛን አለ፣ ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ አለ፣ ሐኪሟ ወንበር፣ ልጄ ወንበር፣ እኔ ወንበር። ልጄ እንደ ልማዱ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ጉድ ሞርኒንግ ዶክተር። ዱ ዩ ስሊፕ?»

ሐኪሟ ልጄን አየችው። ልጄም ሊመልስ ሲል «አንተን አይደለም የጠየቅኩት፤ እሷን ነው» አልኩት። ሐኪሟ እስክሪብቶውን ከፀጉሯ ስትስብ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

«ኖ» አለች።

«ዱ ዩ ኢት ዌል?»

«ኖ።»

«ዱ ዩ ስኪፕ ላንች?»

«የስ!» አለችና ሳቀች። መሳቢያዋን ከፍታ የተገመሰ ብስኩት አሳየችኝ። ዝምቴ፣ ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ውላ እሷን የጠየቃት ሰው የለም። «ዱ ዩ ዎሪ?» አልኳት። አገጯን በእጇ ደግፋ ታወራኝ ጀመር። ምንም አልገባኝም፤ ግን ያ ለሽማግሌው የምለው «ኦ» ጠቀመኝ። ወደ ልጄ ዞርኩ። «ምን ትላለች? ሳታሳጥር ንገረኝ።»

«እማዬ፣ ሕፃን ልጅ አላት። ሌሊት አያስተኛኝም ትላለች።»

«ቀን ከልክ በላይ እያስተኙት ነው በላት።»

አላት። እሷ መለሰች፣ እሱ ነገረኝ፣ እኔ መለስኩ፣ እሱ አላት። ልጄ ያን ቀን የተረጎመውን ያህል በሕይወቱ ተርጉሞ አያውቅም፤ አንዲት ቃል እንኳ መሬት አልወደቀችም። የሚፈራው ነገር ሳይኖር ሲቀር ለካ ጎበዝ አስተርጓሚ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ «ሃው ዱ ዩ ኮፕ?» አልኳት። ሐኪሟ መልስ ፈልጋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ለዚያ ቃል እሷም አማርኛ ጠፋት ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

ይህን ጊዜ ነርሷ በሩን አንኳኳች። ሰዓቴ አልቋል! ሰላምታው በላው። አንቺ «ቶሎ ይለፉ» ብለሽኝ እኔ የሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ ተጫወትኩ። ሐኪሟ በጥድፊያ የደም ግፊቴን ለካች፤ «ጉድ» አለች፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። ስለ ጨው የሆነ ነገር ስትል ጆሮዬን ጣልኩ፤ «ከት ዳውን» ነው ያለችው። ጊቭ አፕ አላለችም። ልጄን ጎሸም አደረግኩት። ቆሜ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ በሩ ጋ ደረስኩ። ዞር አልኩና «ዶክተር፣ ሜይ አይ ወርክ?» አልኳት።

ልጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ።

«ወርክ? ዋት ወርክ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ። ስም አልፈልግም፣ ግስ ብቻ ላኪ ብዬሽ የለ? መስፋት በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ አላውቅም! ልብስ አላውቅም፣ ቁልፍ አላውቅም። ልጄን እንዳልጠይቀው ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ዞር ዞር ስል በሩ ጀርባ ጋዋኗ ተሰቅሏል፤ መካከለኛው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል። እኔ ከካፖርቴ ኮሌታ ሥር መርፌና ክር ተለይቶኝ አያውቅም። ጋዋኑን አወረድኩና እዚያው ቆሜ ሰፋሁላት። ነርሷ በሩን ይዛ ታያለች፣ ሐኪሟ ታያለች፣ ውጭ የሚጠብቁት ሰዎችም አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። የቁልፉን እግር በክር ጠቀለልኩ፣ ቋጠርኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። «ዚስ» አልኳት።

ሐኪሟ ቁልፉን ሳብ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «የስ» አለችኝ። «የስ። ፕሊስ።» ቀጥላም ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ሁ ሴድ ኖ?» አለች።

ማን ከለከለሽ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ያልገባኝ መስዬ ሚዛኑን ማየት ጀመርኩ። አንድም ሰው አይነካም ብለሽኝ የለ?

«ሚ» አለ ልጄ።

ይኼን ብቻ። በገዛ አፉ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። «ከልክላሻለች ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ እማዬ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብትወድቂ፣ እኔ አንዱ ሊፍት ጣሪያ ላይ ሆኜ ቢደውሉልኝ እያልኩ ነው።»

«አባትህ እኮ ሲሠራ አይደለም የሄደው» አልኩት። «ተመችቶት፣ ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥን እያየ ነው። እንዳንተ ቢሆን መከልከል የነበረበት ወንበር ነው።»

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። የእሱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ስጠጋው እየሳቀ ነው። እኔም ተያያዝኩት። የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየንና ሳይናገረን ሄደ። ሁለታችንም ዓይናችንን አብሰን ወደ ቤት መጣን፤ በመንገድ ላይ ዳቦ ቤት አቁሞ ጨው ያለው ዳቦ ገዛልኝ። «ከት ዳውን ነው ያለችው» አልኩት። «ሰምቻለሁ፣ እማዬ፣ ሰምቻለሁ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ ወረድኩ። ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፤ ጊዜ የለኝማ! ጠዋት ብቻ ነይ ያለችኝ ሴትዮ አሁን ከሰዓትም አትለቀኝ። ብርዱ ሊወጣ ሲል ሰው ሁሉ የክረምት ካፖርቱን አውልቆ ቀዳዳውን አየ። እቤት ስገባ ጣቴ ብዕር መያዝ አይፈልግም፤ ራቴን በልቼ እተኛለሁ። ስሊፕ፣ እንደ ድንጋይ። ሦስት ጊዜ ጀምሬልሽ ሦስቱም ወረቀት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህንንም አሁን በሱቁ ጠረጴዛ ላይ፣ በካፖርትና በካፖርት መካከል ነው የምጽፍልሽ። ከእንግዲህ ስምም ላኪልኝ፤ ክር፣ ገበር፣ ኪስ። ለባለሱቋ ሁሉንም በጣት እያሳየሁ ጣቴ ደከመ። ለጋሼም ልጃቸው ፈተናውን እንዲያልፍላቸው መመኘቴን ንገሪልኝ፤ በአፍሽ፣ ጮክ ብለሽ።

በይ እግዜር ካንቺ ጋር ይሁን፤ የልፋትሽን ከእኔ አብልጦ እሱ ይክፈልሽ። ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን ልጄ ኪሱ የተቀደደ ቱታውን ታቅፎ ገባ። «እማዬ፣ እቸኩላለሁ፣ አሁኑኑ» አለኝ። ከፊቱ ሁለት ሰው ነበር። «ተራህን ጠብቅ፣ ጌታው» አልኩት፤ ይኸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ፈገግታውን ሊደብቅ እየሞከረ አቅቶታል። ሁለተኛዋም ሴትዮ ወጣች። ተራው ደርሷል።

አክስትሽ